ሦስተኛ ፓርቲ ልምረጥ ወይ? መጀመሪያ የት ነው የምትኖረው?

ክቡር አዘጋጅ፣

የፕሬዚዳንት ምርጫ ሲቃረብ እዚህ ሜሪላንድ የሐበሻ ካፌዎች ውስጥ የማይጠፋ ክርክር አለ። አንዱ «ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል፣ ሁለቱንም ትልልቅ ፓርቲዎች አልፈልግም» ይላል። ሌላው «ታዲያ ድምፅህን ልታባክን ነው?» ብሎ ይቆጣል።

ውጤቱ የሚቆጠረው በየግዛቱ መሆኑን ሁለቱም ይረሱታል። ሜሪላንድ ከ1992 ጀምሮ (እንደ አውሮፓውያን) ከዴሞክራቶች እጅ ወጥታ አታውቅም። እዚህ እንደ አረንጓዴ ፓርቲ ያለ ሦስተኛ ፓርቲ ብመርጥ የሚገለበጥ ነገር የለም፤ ቅሬታዬ ግን ይመዘገባል። ፉክክሩ የጠበቀባት ጎረቤት ፔንሲልቬንያ ብኖር ኖሮ ሁለቴ አስብ ነበር። በ2000 ፕሬዚዳንቱን በወሰነችው ፍሎሪዳ ላይ ሪፐብሊካኑ ቡሽ ዴሞክራቱን ጎርን የበለጠው በ537 ድምፅ ብቻ ነው። የአረንጓዴ ፓርቲ እጩ ራልፍ ኔደር እዚያው ከ97 ሺህ በላይ አግኝቷል። ሁሉም ለጎር ይሰጡ ነበር አልልም። ከመቶው አንዱ ለጎር ቢጨምር ግን ታሪኩ ሌላ ነበር።

ሜይን ግዛት ውስጥ መራጩ እጩዎቹን በደረጃ ያስቀምጣል። አንደኛ ያለው ከወደቀ ድምፁ ለሁለተኛው ይተላለፋል። እኛም ጋ ቢመጣ ግማሹ ጭቅጭቅ በቀረ።

«ቤቴ እቀራለሁ» ለምትሉት ደግሞ፣ እዚያው ወረቀት ላይ የልጆቻችን የትምህርት ቦርድ ምርጫም አለ።

አንድ አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ