ጭራቁስ ይሁን፣ ሕጉን አትቀይሩብን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት በመዝናኛ ዓምዳችሁ ስለ አስፈሪ ተከታታይ ድራማዎች የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው «አሜሪካን ሆረር ስቶሪ»ን በየምዕራፉ ታሪኩን ስለሚቀያይር ወቅሰውታል። «ፍሮም»ን ግን አሞግሰዋል። እኔ ተቃራኒው ነኝ።

«አሜሪካን ሆረር ስቶሪ» እኮ ሲጀመርም ውሉ እንደዚያ ነው። ራያን መርፊና ብራድ ፋልቸክ በ2011 ሲያቀርቡት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የመጀመሪያው ምዕራፍ ሎስ አንጀለስ ውስጥ መናፍስት የሰፈሩበት ቤት ነበር። ሁለተኛው ወደ 1964 መልሶ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ውስጥ ይከተናል። ሦስተኛው የኒው ኦርሊንስ ጠንቋዮች ናቸው። ተዋንያኑ ሣራ ፖልሰንና ኢቫን ፒተርስ በየጊዜው ሌላ ሰው ሆነው ይመጣሉ። ተመልካቹ ይህን አውቆ ነው የሚቀመጠው። አምና በግ የበላ እንግዳ ዘንድሮ ዶሮ ቢቀርብለት ተታለልኩ አይልም።

እንዲያውም ከሁሉ የወደድኩት በመሃሉ የተገለበጠውን ነው፤ የ2016ቱን ስድስተኛ ምዕራፍ። አምስት ክፍል ሙሉ ዘጋቢ ፊልም መስሎ ይሄዳል። ባለታሪኮቹ ካሜራ ፊት ተቀምጠው አንድ ቤት ውስጥ የደረሰባቸውን ይናገራሉ፤ ተዋንያን ደግሞ ያንኑ እየተወኑ ያሳያሉ። እኔም «ቁጭ ብለው ካወሩማ አልሞቱም» ብዬ ሻዬን ፉት እያልኩ አያለሁ። ስድስተኛው ክፍል ላይ ፕሮዲዩሰሩ ባለታሪኮቹንም ተዋንያኑንም ሰብስቦ እዚያው ቤት ይመልሳቸዋል። ከዚያ አንድ ጽሑፍ ይመጣል፤ ከአንድ ሰው በቀር ሁሉም አልቀዋል ይላል። ሻዬ ቀዘቀዘ። ልብ በሉ፣ የቤቱ ሕግ አልተነካም። ጨረቃዋ ደም ስትመስል ሙታኑ ድሮም ይነሡ ነበር። የተነካው እኔ ተማምኜ የተቀመጥኩበት ወንበር ነው።

አሁን ወደ «ፍሮም» ልምጣ። በ2022 ሲጀምር እንዴት ያለ ነገር ነበር! መውጫ የሌላት አንዲት ትንሽ ከተማ። መንገድ ላይ የወደቀ ዛፍ ካያችሁ አለቀላችሁ፤ የቱንም ያህል ብትነዱ ተመልሳችሁ እዚያው ናችሁ። ሲመሽ ሰው የሚመስሉ ፍጥረቶች ከጫካ ይወጣሉ። አይሮጡም። በዝግታ ይራመዳሉ፣ ፈገግ ይላሉ፣ ክፈቱልን ይላሉ። የከተማዋ ሸሪፍ ቦይድ ያገኘው ድንጋይ ቤቱ ውስጥ ከተሰቀለ፣ በርና መስኮቱም ከተዘጋ አይገቡም። በቃ፣ ሕጉ ይሄ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ላይ አንዲት ሕፃን ፈገግ ላለችላት አሮጊት መስኮት ልትከፍት ስትል «አንቺ ልጅ፣ ተይ!» ብዬ ጮኬያለሁ። ጎረቤት ሰምቷል።

አያቴ ሌሊት ስማችሁን የሚጠራ ካለ ሦስቴ ሳይጠራችሁ አቤት እንዳትሉ ትለን ነበር። ለምን ሦስት እንደሆነ ጠይቀን አናውቅም። ቁጥሩን ግን እናውቃለን። ውጭ ድምፅ በሰማን ቁጥር ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነን ትንፋሻችንን ይዘን እንቆጥር ነበር። አንድ ቀን «ለካ አራት ነው» ብትለን ኖሮ ስቀን እንተኛ ነበር።

በ2023 የ«ፍሮም» ሁለተኛው ምዕራፍ ሲመጣ አራት ሆነ። ቦይድ ደም ውስጥ ትል ገባ። የሙዚቃ ሣጥን መጣ። የተኛን ሰው በሕልሙ የሚያጠቃ ነገር መጣ። በር ብትዘጋ ባትዘጋ ለውጥ የለውም። ታዲያ ያ ድንጋይ ምን ሊሠራ ተሰቀለ? በ2024 ሦስተኛው ምዕራፍ ፍጥረቶቹ ማን እንደነበሩ ነገረን፤ ላላየ ሰው ስል ዝርዝሩን ልተወው። እሰይ ብለን ሳንጨርስ ቢጫ የለበሰ ሰውዬ ጨመሩብን።

ጸሐፊው ምስጢር በየጊዜው መስፋት አለበት ባይ ናቸው። ይስፋ፣ ማን ከለከለ። ግን የድሮው አደጋ አደጋ ሆኖ ይቆይ። ቦይድን የሚጫወተው ሃሮልድ ፔሪኖ እኮ ቀድሞ «ሎስት» ላይም ነበረ። ምስጢር እየከመረ ብዙውን ሳይፈታልን ያለቀውን ያንን ድራማ እስከ 2010 መጨረሻው ድረስ የተከታተልን ሰዎች ቁስላችን ገና አልሻረም።

የኛዎቹ ድራማዎችም ከዚህ አይነጹም። ተዋናዩ ሲቀር ገጸ ባሕሪው ውጭ አገር ይሄዳል፤ ሲመለስ መልኩ ተቀይሮ ነው። የኛዎቹን ግን ማንም ምስጢር ነው ብሎ አላሞገሳቸውም።

ለማንኛውም ከ«ፍሮም» የቀረውንም እናየዋለን፤ ጀምረነዋልና። ባለቤቴ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ትራስ አቅፋ ነበር ያየችው። አሁን ትራሱ ላይ ተኝታ ነው።

አክባሪያችሁ
ከአዲስ አበባ