ብስኩቱን የቆለፍኩት እኔ ነኝ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ልጆች ውፍረት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ አነበብኩት። ለስላሳው፣ ቺፕሱ፣ ስልኩ፣ ሁሉም ተወቅሷል። ይገባቸዋል። 330 ሚሊ ሊትር በሚይዝ አንድ ቆርቆሮ ኮላ ውስጥ 35 ግራም ገደማ ስኳር አለ፣ በዚህ ክርክር የለኝም። ግን የእናትየው ነገር ተዘለለ። የዘር ጉዳይ ማለቴ አይደለም፣ እሱም አለ። እኔ የምለው ከሚዛን ጋር ስንጣላ የኖርን እናቶች ገበታ ላይ ስለምንሠራው ነው።

ሁለተኛ ልጄን ወልጄ 94 ኪሎ ገብቼ ነበር። ከዚያ በኋላ ያልሞከርኩት የለም። ራት መተው፣ ሎሚ በሙቅ ውሃ፣ ጾሙንም ለመክሳት (እግዜር ይቅር ይበለኝ)። ጣፋጭ የተባለ ነገር ሁሉ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ቁልፉ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር የሚያድረው፣ ትልቋ ልጄ እንደኔ እንዳትሆን ብዬ። አንድ ቅዳሜ አንሶላ ስቀይር ፍራሿ ስር አስራ አንድ የብስኩት ላስቲክ አገኘሁ። አንዱ ከጎረቤት፣ አንዱ ከክፍል ጓደኛ፣ የቀረው ከአያቷ።

አያቷ ደግሞ ሌላ ታሪክ ናት። እናቴ 77ትን ወሎ ሆና አይታለች። ለሷ ከሳ ማለት ታመመ ማለት ነው። ልጅቷ "ጠገብኩ" ስትላት "አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ" ትላለች፣ ይቺ ብቻ ደግሞ አንድ ሆና አታውቅም። እኔ ስቆልፍ፣ እሷ ስታጎርስ፣ መሃል ላይ ልጅቷን ራበሽ ወይ ጠገብሽ ብሎ የሚጠይቃት አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1999 ጄኒፈር ፊሸርና ሊያን በርች የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ትንንሽ ልጆችን ዓይናቸው እያየ አንድ ምግብ ከለከሏቸው። ልጆቹ ስለዚያው ምግብ ይበልጥ ማውራት፣ ይበልጥ ስጡን ማለት ጀመሩ። የልጄ ፍራሽ ስርም ይህንኑ ነው የሚለው።

የባሰው ግን አራት ኪሎ ላይ ነው የደረሰብኝ። አስፋልት ዳር ሚዛን ይዞ የሚቀመጥ ልጅ አለ፣ ከሥራ ስመለስ ጫማዬን አውልቄ እመዘናለሁ። የዚያን ቀን ልጄ አብራኝ ነበረች። ስወርድ ፊቴን አየችና የትምህርት ቤት ቦርሳዋን አስቀምጣ ወጣችበት። 7 ዓመቷ ነው። ቁጥሩን እንኳ ሳታይ ትንፋሿን ይዛ ሆዷን ወደ ውስጥ ሳበች። ልክ እንደኔ።

አሁን ብስኩቱ ከምሳ በኋላ ለሁላችንም ጠረጴዛ ላይ ይቀርባል። መጀመሪያ ሳምንት ጠራርጋ ስትበላው ነፍሴ ልትወጣ ነበር። አሁን አንዳንዴ ግማሹን ትታ ትነሳለች። እናቴን ግን አልቻልኳትም።

እና አዘጋጆች፣ ሌላ ጊዜ ፊቱ ሳይታይ ሆዱ ብቻ የተነሳ ልጅ ፎቶ ባታወጡ ጥሩ ነው። ልጄ ጋዜጣውን ቦርሳዬ ውስጥ አግኝታው "ማሚ፣ ይሄ ልጅ ምን አጥፍቶ ነው?" አለችኝ።

አንዲት እናት፣ ከአራት ኪሎ