ድርሻዬን ለሰጣችሁኝ የግሩፔ ልጆች

ውጤቱን የሰማሁት ማክሰኞ ማታ ነው። ስልኬ ሁሉንም ነገር በድምፅ እንደሚያነብልኝ እናቴ ታውቃለች። ከእጄ ነጥቃ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። «ስልሳ ስምንት አለ፤ ጥሩ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተናው ማለፊያ 50 መሆኑን ስነግራት እልልታዋ ጎረቤቱን ሁሉ ከቤት አስወጣው።

ያን ማታ ለአብዛኞቻችሁ ደውዬ ነበር። ግን ለቅሶ ቀደመኝና ያሰብኩትን ሳልናገር ዘጋሁት። ስለዚህ ሰው ሁሉ በሚያነብበት ቦታ ልጽፈው ወሰንኩ። ስማችንን አትጥራ ስላላችሁኝ አልጠራም። ራሳችሁን ታውቁታላችሁ።

እኔ ብሬል የለመድኩት ሰበታ፣ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ሁላችንም እኩል ነበርን። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ግን ነገሩ ተለወጠ። የአንደኛ ዓመት መምህሮቻችን ሥራውን ሁሉ በአንድ ለአምስት ያከፋፍሉ ነበር። የተመደብኩባቸው ልጆች ክፉ አልነበሩም። ምሳ ያነሱልኛል፣ ዶርም ድረስ ያደርሱኛል። አሳይመንት ሲመጣ ግን «አንተ አትቸገር፣ ስምህን እናስገባልሃለን» ይሉኛል። ፕረዘንቴሽን ሲቀርብ ከጎናቸው ቆሜ አንድ ቃል ሳልተነፍስ እወርዳለሁ። በአንዱ ኮርስ ኤ አገኘሁ። ያ ኮርስ ስለ ምን እንደነበር ዛሬም በቅጡ አላውቅም። ቅር ብሎኝ ነበር፤ ግን ለማን ይነገራል? ረድተውኝ እያለ ማማረር ነውር መሰለኝ።

ሁለተኛ ዓመት ላይ እናንተ ጋ ስመደብ አፌ ለምዶበት «ስሜን ብቻ አስገቡልኝ» አልኩ። አንቺ የወሎዋ ልጅ ወዲያው «አይሆንም» አልሽ። «ምዕራፍ 3 ያንተ ነው። እንዴት እንደምትሠራው ብቻ ንገረን።» ምን እንርዳህ የሚለኝ ሰው በሕይወቴ ሞልቷል። እንዴት ነው የምትሠራው ብሎ የጠየቀኝ ግን ከአንቺ በፊት አልነበረም። ምስጋናዬ ከዚያ «አይሆንም» ይጀምራል።

ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር አብረን ተማርን። ቴሌግራም ላይ የሰሌዳውን ፎቶ ስትለቁ ስልኬ «ፎቶ» ብሎ ያልፈው ነበር። ስካን የተደረገ ሀንድአውትም ያው ነው። ጽሑፉ ምስል ስለሆነ የሚያነብልኝ ሶፍትዌር ምንም አያገኝበትም። ይህ ሲገባችሁ ተራ አወጣችሁ። ግማሻችሁ ትተይቡ ነበር፣ ግማሻችሁ በድምፅ ትቀዱ ነበር። አንዱ ቅጂ ላይ የዶርሙ ሰው ሁሉ ሲያንኮራፋ ይሰማል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የተቀዳ ነው። በማግስቱ እናንተም ፈተና ነበራችሁ።

ስታትስቲክስ ትምህርቱን ጥዬ እንድሄድ ሊያደርገኝ ነበር። መምህሩ ሰሌዳው ላይ እየጠቆሙ «ይኼ ከዚህ ሲቀነስ ይኼን ይሰጣል» ይላሉ። «ይኼ» ለእኔ ባዶ ቃል ነው። እናንተ ግን ጥናት ላይ «ይኼ» እና «እዚህ ጋ» የሚሉትን ቃላት ከለከላችሁ። የረሳ ሰው ደግሞ ዓረፍተ ነገሩን እንደገና ይጀምራል። አንተ የሆሳዕናው ልጅ ደግሞ የብስኩት ካርቶን ቀደህ ሲባጎ በኮላ ለጠፍክበት። የኖርማል ዲስትሪቢውሽኑ ኩርባ ማለት ነው፤ መሐሉ ከፍ፣ ግራና ቀኙ ዝቅ ያለ የደወል ቅርፅ። ከፍ ካለው መሐሉ ሥር ሽምብራ፣ ከሽምብራው ግራና ቀኝ አንዳንድ ምስር አጣበቅህ። ጣቴን ይዘህ «ሽምብራው አማካዩ ነው። ከምስር እስከ ምስር ያለው ከመረጃው 68 በመቶ ያህሉ ነው» አልከኝ። ጓደኞቼ ሁሉ በዓይናቸው ያዩትን ቅርፅ ያን ቀን በጣቴ አየሁት። ማክሰኞ ማታ እናቴ «ስልሳ ስምንት» ስትል ከውጤቱ በፊት የታወሰኝ ያ ካርቶን ነው።

ወደ አንተ ልምጣ፣ መስማት የተሳነህ ወንድሜ። እኔ አላይም፣ አንተ አትሰማም። እኔና አንተ እንዴት ልንግባባ እንደምንችል ያልጠየቀን ሰው የለም። መጀመሪያ በስልክ ነበር። አንተ ትጽፋለህ፣ የእኔ ስልክ በዚያ ሻካራ ድምፁ ያነብልኛል። እኔ እጽፋለሁ፣ አንተ ታነባለህ። በኋላ እጄን ያዝክና የጣት ፊደሉን መዳፌ ላይ ሠራኸው። «ሀ»ን ወደ «ሁ» ለመቀየር እጅህን ስታንቀሳቅስ ደነገጥኩ። ብሬልም እንዲሁ ነው፤ ተነባቢውን ጽፎ አናባቢውን ለብቻው ያስከትላል። ሁለታችንም ፊደሉን ከፍለን እንደምንይዘው አወቅን። የዚያን ቀን ጥናት አልተጠናም። ደግሞም አይቆጨኝም።

ምልክት ቋንቋን ከእናትሽ የተማርሽው እህቴ፣ አንቺ ባትኖሪ ይህ ግሩፕ አይቆምም ነበር። አራት ሰው በአንድ ጊዜ ሲጮህ እጅሽን ማውረድሽን ይነግሩኝ ነበር። «አንድ በአንድ ካልሆነ አልተረጉምም» ትያለሽ። አንድ በአንድ መናገር ለእኔም በጀኝ። ከመናገሩ በፊት ስሙን የሚጠራ ሰው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ከዚያ በፊት ድምፅ እየለየሁ ግማሹ ወሬ ያመልጠኝ ነበር።

መብራት የጠፋበትን ማታ ታስታውሳላችሁ? ፈተናው ሦስት ቀን ቀርቶታል። ሁላችሁም ዝም አላችሁ። እኔ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ማንበቤን ቀጠልኩ። ብሬል መብራት አይፈልግም። «ቀጥል፣ ቀጥል» አላችሁኝ። አንደኛችሁ የስልኩን ባትሪ አብርቶ የአስተርጓሚዋ እህታችን እጅ ላይ ያዘ። እኔ በጨለማ አነባለሁ፣ እሷ በዚያች ብርሃን ትተረጉማለች፣ እሱ እጇን ያያል። አንድ ሰዓት ተኩል እንዲሁ አጠናን። እኔ ሰዎችን ሳስጠና የመጀመሪያዬ ነበር። ሲነጋ እንኳ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሌሎችንም ላመስግን። ሊፍት የሌለውን ሦስተኛ ፎቅ ለዊልቸር ተጠቃሚዋ እህታችን ሲሉ ትተው፣ የምድር ቤቱን ክፍል ቁልፍ በየማታው የሚሰጡን የጥበቃው ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እትዬ ፎቶ ኮፒ ቤቷ፣ ያልተከፈለሽ ገጽ ብዙ ነው። ፈተና ክፍል ጥያቄውን ያነበብክልኝ ወንድሜ፣ ረጅሙን ምንባብ ሦስት ጊዜ አስደግሜህ ድምፅህ አልተቀየረም።

አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። አንቀጽ 24 ስለ ትምህርት ነው። ሳነበው እያንዳንዱ መስመር እናንተን ያስታውሰኛል። ለእኔ ግን ከሕጉ ቀድማችሁ የደረሳችሁት እናንተ ናችሁ። እንዲህ መሆኑ ግን ልክ አይደለም። ቀጥለው የሚመጡት ልጆች የሆሳዕና ልጅ እንደ ዕድል እስኪገጥማቸው መጠበቅ የለባቸውም። መምህሮቻችን ስላይዱን ቀድመው ቢልኩ፣ ሰሌዳው ላይ የጻፉትን በአፋቸውም ቢሉት፣ አሳይመንት ሲሰጡ ማን ምን እንደሠራ ቢጠይቁ፣ ብዙ አያስወጣም።

የድምፅ ቅጂዎቹን ሁሉ በየምዕራፉ አስተካክዬ ቴሌግራም ላይ አስቀምጫለሁ፤ ማጥፋት የለም። ካርቶኑን ደግሞ ዘንድሮ ሁለተኛ ዓመት ለገቡት ሁለት ዓይነ ስውራን ልጆች በጋሼ በኩል ልኬያለሁ። የግራው ምስር ወድቋል። ያገኛችሁት ልጆች በኮላ መልሱት፤ ቦታው በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል።