የአቡጀዲው ደብተር

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? እግርዎስ ተሻለዎት? እኔና ልጆቹ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዓይንዎ ስለደከመ ይህን እህቴ ቀስ ብላ ታንብብልዎት።

በክረምቱ ከቀብር ሲመለሱ አዳልጦዎት መውደቅዎን የሰማሁት ከሳምንት በኋላ ነው። ለምን እንደደበቃችሁኝ ይገባኛል፤ ግን ከፋኝ። «ይብቃዎት፣ ሱቁንም የቀብር ማኅበሩን ቅሬውንም ይተዉት» ብዬ ልጽፍ ብዕር አነሳሁ። ያ ደብተር ትዝ ሲለኝ እጄ ተያዘ።

1977 ዓ.ም. ነው። ከሰሜን ወሎ ረሃብ ያፈናቀለው ሰው ወደ ደሴ ይጎርፋል። እኔ የ12 ዓመት ልጅ ነኝ፤ ከትምህርት ቤት መልስ ሱቅ ውስጥ ስኳር በወረቀት እጠቀልላለሁ። አንድ ሰው ይመጣና «መንገድ ላይ ያረፈ አለ፣ ዘመድ የለውም» ይላል። እርስዎ ጣቃውን ከመደርደሪያ ያወርዳሉ፣ አቡጀዲውን በክንድዎ ይለካሉ፣ ጫፉን በመቀስ ነካ ያደርጉና የቀረውን በእጅዎ ይቀድዱታል። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ለከፈንም ለመግነዝም ያው አቡጀዲ ነው። ሟቹ እስላም ይሁን ክርስቲያን የሚጠየቀው የት እንደሚቀበር ለማወቅ ብቻ ነበር፤ ቅሬው የሁለቱም ነው፣ ለሁለቱም ይወጣል።

ማታ የዱቤ ደብተሩን ስገልጥ ሌላው ሁሉ ስምና ሒሳብ አለው። የእነዚያ ሰዎች መስመር ላይ ግን «እንግዳ፣ 6 ክንድ» ይላል፤ የዋጋው ቦታ ባዶ ነው። «የማይከፈል ከሆነ ለምን ይጽፉታል?» ስልዎት፣ «ሰው ነው እኮ፣ እንዴት ሳይጻፍ ይቀራል?» አሉኝ።

እውነቱን ልንገርዎት፣ ያኔ ተቀይሜዎት ነበር። ሰኞ ሰኞ፣ ገበያው ሲደምቅ ሱቁን ዘግተው ለቀብር ይወጡ ነበር፤ የእኔ ጫማ ደግሞ ተረከዙ አልቋል። ቅያሜዬን ለዓመታት ይዤው ኖሬያለሁ። ይቅር ይበሉኝ።

እናቴ ፊደል የለየችውም እዚያው ባንኮኒ ላይ፣ በስኳር ወረቀት ጀርባ ነው፤ በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር። በ2003 ለህዳሴው ግድብ ቦንድ ሲሸጥም ከሰፈሩ ቀድመው ገዙ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ ደውለውልኝ፣ መናገር አቅቶዎት ሲያለቅሱ ብቻ ሰማሁዎት።

ስለዚህ ተዉት አልልዎትም። የምለምንዎት ይህን ነው፦ የቅሬውን መዋጮ ቤት ለቤት መሰብሰቡን ለወጣቶቹ ይስጧቸው፣ እርስዎ ሱቅዎ ደጃፍ ተቀምጠው አጻጻፉን ያሳዩአቸው። ጭቃ በሆነ ቀን ለቅሶ ቤት ደርሰው ይመለሱ፤ መቃብር ድረስ ባይወርዱ የሚቀየምዎት የለም።

ለገና እመጣለሁ። የ1977ቱን ደብተር አይጥ እንዳይበላብኝ ከሣጥኑ አስወጥተው ይጠብቁኝ። እንግዶቹ ስንት እንደሆኑ አብረን እንቆጥራቸዋለን።

ልጅዎ