ያለ መለያ ስለተሸጠልኝ የፊት አሲድ

ሐዋሳ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ፦ ፒያሳ አካባቢ ለሚገኘው የመዋቢያ ዕቃዎች ሱቅ ባለቤትና ለሽያጭ ሠራተኞች

ጉዳዩ፦ ገንዘቤ እንዲመለስልኝ፣ የሕክምና ወጪዬ እንዲሸፈንና ሽያጩ እንዲቆም ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

ጥቅምት ውስጥ ከሱቃችሁ "የፊት ፓኬጅ" የምትሉትን በ4,200 ብር ገዝቻለሁ። የከፈልኩት በቴሌብር ነው፤ የክፍያው ማረጋገጫ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። ደረሰኝ ስጠይቅ "ማሽኑ ተበላሽቷል" ተባልኩ። እሱን ለጊዜው እንተወው።

ፓኬጁ ውስጥ ሦስት ነገር አለ። ሻካራ ስክራብ፣ የሬቲኖል (ከቫይታሚን ኤ ወገን የሆነ ቆዳ የሚያድስ ነገር) ክሬምና በትንሽ ባለ ጠብታ ጠርሙስ የተቀዳ አሲድ። ቅሬታዬ በዋናነት ስለ ጠርሙሱ ነው።

ጠርሙሱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ ነው የምጽፍላችሁ። የአምራች ስም የለውም። ስንት ፐርሰንት እንደሆነ አይናገርም። መቼ እንደተመረተና መቼ ጊዜው እንደሚያልፍም አይታወቅም። ያለው ነገር ቁስል ላይ የሚለጠፍ ነጭ ፕላስተር ነው፤ በላዩ በእስክሪብቶ "ለፊት፣ ማታ ማታ" ተብሎ ተጽፎበታል። "ማታ ማታ" የሚለው እርጥብ እጅ ሲነካው ለቀቀ። አሁን የገዛሁት ዕቃ ሙሉ መግለጫ "ለፊት" ብቻ ሆኖ ቀርቷል።

አንድ ነገር ከወዲሁ ግልጽ ላድርግ። አሲድ ፊት ላይ አይቀባ የምል ሰው አይደለሁም። 5 ፐርሰንት ላክቲክ አሲድ ያለው ሎሽን ለረጅም ጊዜ ተጠቅሜ ተስማምቶኛል። እነዚህ አሲዶች የላይኛውን የሞተ ቆዳ እርስ በርስ ያያዘውን ነገር ያላላሉ። ቆዳው ከወትሮው ቶሎ ይራገፋል። በልኩ ከሆነ ፊት ይለሰልሳል፣ ቡግር ጥሎት የሄደው ጥቁር ምልክትም ቀስ እያለ ይደበዝዛል። ሳሊሲሊክ አሲድ ቅባት ውስጥ ስለሚሟሟ የቆዳው ቀዳዳ ውስጥ ድረስ ይገባል፤ ለወዛም ፊት የሚመከረውም ለዚህ ነው። ግላይኮሊክ ደግሞ ሞለኪውሉ ከዘመዶቹ ሁሉ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ዘልቆ ይገባል። ስለዚህ ሰው ከመቀባቱ በፊት ማወቅ ያለበት ነገር አለ። አሲዱ የትኛው ነው? ስንት ፐርሰንት? ፒኤቹስ (የአሲድነቱ መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ስንት ነው? ያድራል ወይስ ይታጠባል? በሳምንት ስንቴ? የእናንተ ፕላስተር ከእነዚህ አንዱንም አይመልስም።

መልሱን የሰጠችኝ የሽያጭ ሠራተኛችሁ ናት። "ማታ ማታ ተቀቢው፣ ሳትታጠቢ እደሪ። ቢያቃጥልሽም አትፍሪ፣ እየሠራ ነው ማለት ነው። ጠዋት በስክራቡ እሺው፣ ከዚያ ክሬሙን ቀቢ" አለችኝ። ምን ያህል አሲድ እንዳለው ስጠይቃት "ስትሮንግ ነው፣ ኦሪጅናል" አለች። ልጅቷ ላይ ብዙ አልፈርድም። የነገሯትን ነው የነገረችኝ።

እንደተባልኩት አደረግኩ። መጀመሪያ ጉንጬ ተወጠረ፤ ማብለጭለጭም ጀመረ። ጓደኞቼ "ወዝሽ ጨመረ" እያሉኝ ነበር። ቀጥሎ ንጹህ ውኃ እንኳ ሲነካኝ በርበሬ የተቀባሁ ያህል ያንገበግበኝ ጀመር። ከዚያ የአፍንጫዬ ግራና ቀኝ ተላጠ፤ ጉንጬ ላይ ውኃ ያዘለ እርጥብ ቁስል ወጣ። አሁን ቁስሉ ደርቋል። ከዓይኔ በታች ግን ሁለት ጥቁር ጥላ ተክሎ ሄዷል። ያየኝ የቆዳ ሐኪም ቃጠሎ መሆኑን ነግሮኛል። በእኛ ዓይነት የቆዳ ቀለም ላይ የተቆጣ ቦታ ሲድን ጥቁር ምልክት መተዉ የተለመደ ነው፤ ለመጥፋትም ወራት ሊፈጅ ይችላል። አሲዱንም ስክራቡንም ሬቲኖሉንም አስቁሞኝ ለስላሳ የፊት መታጠቢያ፣ ቫዝሊንና የፀሐይ መከላከያ ክሬም አዞልኛል።

ለእናንተ ደግሞ በቴሌግራም ፎቶ ላክሁ። የመጣልኝ መልስ "ውዴ፣ ፐርጂንግ ነው፣ ቀጥዪበት" የሚል ነው፣ ከቀይ ልብ ጋር። ውዴ መባሉን አልጠላሁትም። ፐርጂንግ የሚባለው ግን ሰው አሲድ ወይም ሬቲኖል ሲጀምር ከሥር የነበረው ቡግር ተሽቀዳድሞ ሲወጣ ነው። ብዙውን ጊዜም የሚወጣው ድሮም ቡግር በሚበዛበት ቦታ ነው። እኔ በላክሁት ፎቶ ላይ አንድም ቡግር የለም። ያለው የተላጠ ጉንጭ ነው። የተቃጠለን ሰው "ቀጥዪበት" ማለት ከመጀመሪያው ምክር የባሰ ነው፤ የመጀመሪያውን ቃጠሎዬን ሳታዩ ነው የመከራችሁኝ፣ ሁለተኛውን ግን እያያችሁ።

ከዚያ በአካል መጣሁ። የተቀዳበትን ዕቃ አሳዩኝ ስል ሠራተኛዋ ከመደርደሪያው ታች ትልቁን ጠርሙስ አወጣችልኝ። ፎቶ አንስቼዋለሁ። ግላይኮሊክ አሲድ፣ 30 ፐርሰንት ይላል። ለባለሙያ አገልግሎት ብቻ ይላል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በብዙ ውኃ ይታጠብ ይላል። ይህ ሁሉ በእንግሊዝኛ በትልቁ ተጽፏል። ወደ ትንሿ ጠርሙስ ሲቀዳ ፈሳሹ ብቻ ተሻግሮ ማስጠንቀቂያው እዚያው ቀረ።

30 ፐርሰንት ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ሠራተኛ ይነበብላት። በአሜሪካ የመዋቢያ ግብዓቶችን ደኅንነት የሚገመግመው የባለሙያዎች ቡድን ቤት ውስጥ ለሚቀባ ግላይኮሊክም ሆነ ላክቲክ አሲድ ያስቀመጠው ጣሪያ 10 ፐርሰንት ነው፤ ፒኤቹም ከ3.5 መውረድ የለበትም። 30 ፐርሰንቱ የሠለጠነ ሰው ለአጭር ጊዜ ቀብቶ ወዲያው ለሚያጥበው ነው። እኔ አድሬበታለሁ። ጠዋት ደግሞ በስክራብ ፈትጌዋለሁ፣ በላዩም ሬቲኖል ጨምሬበታለሁ። ሦስቱም ቆዳ የሚልጡ ነገሮች ናቸው። ይህን ፓኬጅ ያዋቀረው ሰው ማን እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ፤ የምሬን ነው።

በፓኬጁ ውስጥ የሌለው ነገር ደግሞ ይበልጥ ያናድዳል። የፀሐይ መከላከያ የለም። ቃሉም አልተነሳም። እነዚህ አሲዶች ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጣሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ አምራቾች ይህንኑ በመለያው ላይ እንዲጽፉ፣ ተጠቃሚውም በሚቀባበት ጊዜና ካቆመ በኋላ እስከ አንድ ሳምንት ራሱን ከፀሐይ እንዲጠብቅ እንዲነግሩት ጠይቋል። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ለምድር ወገብ የቀረበች ከተማ ናት። ፀሐዩ አናት ላይ ነው። እኛ ደግሞ በባጃጅ ነው የምንሄደው፤ ጎኑ ክፍት ነው። ከአቶቴ ፒያሳ ስደርስ የግራ ጉንጬ በፀሐይ ሲጠበስ ነው የሚመጣው፤ ጥላውም በግራ በኩል ነው የበረታው። የፀሐይ መከላከያው እኮ እዚያው ሱቃችሁ መደርደሪያ ላይ አለ!

ገንዘቤን ስጠይቅ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አሳያችሁኝ፦ "የተከፈተ ዕቃ አይመለስም።" ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ይህን ዕቃ መጀመሪያ የከፈታችሁት እናንተ ናችሁ። ከፋብሪካው ታሽጎ የመጣውን ከፍታችሁ፣ ቀድታችሁ፣ መለያውን አስቀርታችሁ ነው የሸጣችሁልኝ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ይህን አይሽረውም።

የምጠይቀው ይህ ነው። የፓኬጁን 4,200 ብር መልሱልኝ። ለሐኪምና ለመድኃኒት ያወጣሁትንም ሸፍኑ፤ ደረሰኙ ተያይዟል፣ እነሱ ማሽናቸው ይሠራል። ከዚህ ሁሉ በላይ የምፈልገው ግን የተቀዱትን ጠርሙሶች ዛሬውኑ ከመደርደሪያ እንድታነሱና ለገዙት ሁሉ በቴሌግራም ቻናላችሁ እንዳይጠቀሙበት እንድትነግሯቸው ነው። ቻናላችሁ ላይ "አለቀ፣ በአዲስ ገባ" እያላችሁ ስትለጥፉ አይቻለሁ። ስለዚህ ብቻዬን አይደለሁም። ከገዙት መካከል የአስፕሪን አለርጂ ያለባት (ሳሊሲሊክ አሲድ የአስፕሪን ዘመድ ነው) ወይም ነፍሰ ጡር ልትኖር ትችላለች፤ በጠርሙሱ ውስጥ ምን እንዳለ ካልተጻፈ ሐኪሟን እንኳ ምን ብላ ትጠይቃለች?

ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ10 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ እጠብቃለሁ። በቴሌግራም አይሁን፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይሁን። ካልመለሳችሁ ይህንኑ ከነፎቶዎቹ ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤትና መዋቢያን ለሚቆጣጠረው ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አስገባለሁ። ጠርሙሱ የቀረውን ፈሳሽ እንደያዘ እኔ ዘንድ ነው። ላስመረምረው ስለምችል አልመልስላችሁም።

ከሠላምታ ጋር
ደንበኛችሁ የነበርኩ

አባሪ፦ የቴሌብር ማረጋገጫ፣ የሕክምና ደረሰኝ፣ የፊቴና የሁለቱ ጠርሙሶች ፎቶ፣ የቴሌግራም ምልልሳችን