ለገንዘብ ያዡ ምርጫ ማሰሮ ይምጣ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው እሑድ የሰፈራችን እድር ገንዘብ ያዥ የመረጠው እጅ በማስወጣት ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት እጃቸውን እስከ ጆሯቸው አነሱና ሰብሳቢው ቀና ሲሉ ጋቢያቸውን የሚያስተካክሉ መስለው መለሱት። ከሰብሳቢው ጤፍ ተበድረዋል፤ ምን ያድርጉ? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 38 ምርጫ በምስጢር ድምፅ እንዲካሄድ ይደነግጋል። እርግጥ የተጻፈው ለእድር አይደለም፤ ይሉኝታው ግን እኛ ዘንድ ይብሳል። የመዋጮና የወጪ ሒሳብ በየስማችን በአደባባይ ይነበብ፤ እዚያ ላይ ምስጢር አልወድም። ለሰው ምርጫ ግን ከመጋረጃ ጀርባ አንድ ማሰሮ ይቀመጥ፤ ባቄላ ለአንዱ፣ አተር ለሌላው። ፊደል ያልቆጠረውም ማንንም ሳያስጽፍ ይመርጥበታል።

አንድ የእድር አባል፣ ከደብረ ማርቆስ