ለአደጋ እርዳታ ብር ከመላካችን በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለዝግጅት ክፍሉ፤

የመሬት መንሸራተት፣ ድርቅ ወይም መፈናቀል በተሰማ ቁጥር ጋዜጣችሁ የእርዳታ ጥሪ ያትማል። ጥሪው አብዛኛውን ጊዜ የተጎጂዎችን ብዛትና የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይዞ ይወጣል። ለመስጠት ይበቃል፤ ለመምረጥ ግን አይበቃም። የጎንደር ሰው እጁ እንደማይታጠፍ የታወቀ ነው። እኛ በእህል ግዢ፣ በጭነትና በሥርጭት ላይ የምንሠራ ሰዎች ነንና የሚያሳስበን ብሩ ከኪስ ከወጣ በኋላ ያለው መንገድ ነው። ቀድሞ ሞንታርቦ ይዞ አደባባይ የወጣ ብዙ ይሰበስባል። ቀድሞ መሰብሰብና ማድረስ ግን የተለያየ ሙያ ነው።

መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ስሌቱ ነው። በአገራችን ለምግብ እርዳታ የተለመደው የአንድ ሰው የወር ድርሻ 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር ገደማ ዘይት ነው። አምስት ነፍስ ያለው ቤተሰብ በወር 75 ኪሎ እህል፣ ማለትም ባለ 50 ኪሎውን ጆንያ አንድ ተኩል ይፈልጋል። 100 አባወራ ሲሆን 75 ኩንታል እህልና ሰባት ተኩል ኩንታል ጥራጥሬ ይሆናል፤ ዘይቱም ከ200 ሊትር ያልፋል። እንግዲህ «ለ1,000 አባወራ ቀለብ ልናደርስ ነው» የሚል ኮሚቴ ሲመጣ «ለስንት ቀን?» ማለት ነው። የ1,000 አባወራ የወር ቀለብ 750 ኩንታል ነው። በእጁ ያለው ገንዘብ 100 ኩንታል ብቻ የሚገዛ ከሆነ የያዘው የአራት ቀን ምግብ ነው። አራት ቀንም ቢሆን ሌላው ጭነት እስኪደርስ ሕይወት ያቆያል፤ ግን ሰጪው ይህን አውቆ ይስጥ፣ ሰብሳቢውም አውቆ ይናገር። ስሌቱን ሲጠየቅ «አላህ ያውቃል፣ የተገኘውን እናደርሳለን» የሚል ሰው ቅን ሊሆን ይችላል፤ ሥራውን ግን ገና አልጀመረውም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ችግር በወረቀት ላይ አይታይም። ለ100 አባወራ የተጫነ እህል 400 አባወራ ያለበት ቀበሌ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ለ400 ይሸነሸናል። ሌብነት አይደለም። በተረጂዎች ዝርዝር ውስጥ ያልገባው ጎረቤትም ሰብሉ የጠፋበት ነው፤ የቀበሌው ኮሚቴ ነገ በደቦ አብሮት የሚያርሰውን፣ አብሮት የሚቀብረውን ሰው «አንተ አልተመለመልክም» ብሎ መመለስ ይቸግረዋል። ውጤቱ ግን የወር ቀለብ የታሰበለት ቤተሰብ 19 ኪሎ ገደማ፣ የአንድ ሳምንት እህል፣ ይዞ መግባቱ ነው። አቅመ ደካማዋ አሮጊትና ሁለት በሬ ያለው ጎረቤቷ እኩል ይደርሳቸዋል። ይህን በሥርጭቱ ቀን በጭቅጭቅ ማስቆም አይቻልም፤ መኪናው ሳይጫን ነው የሚስተካከለው። ዝርዝሩ በጎጥ ደረጃ፣ ሕዝብ ተሰብስቦ፣ በስም ተነቦ ይጸድቃል። ከዚያ ለጥቂት ቀን ቀበሌ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ይለጠፋል። መልማዮቹ ያልተካተቱበት ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ይቆማል። በሥርጭቱ ቦታ የአንድ ሰው ድርሻ ስንት ኪሎ እንደሆነ በትልቁ ተጽፎ ይሰቀላል፤ ስፍሩም በጣሳ ሳይሆን በሚዛን ይሆናል። በጣሳ ሲሰፈር የሰፋሪው እጅ እንደየሰዉ ይለያያል። ገንዘቡ በጣም ትንሽ ከሆነ ቀበሌውን ሁሉ ከመንካት አንድ ጎጥ መምረጥ፣ ወይም ነፍሰ ጡሮችን፣ አጥቢዎችንና ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት ያሉባቸውን ቤቶች ብቻ መያዝ ይሻላል። «ዝርዝሩን ማን ያጸድቃል?» ለሚለው የተዘጋጀ መልስ ያለው ሰብሳቢ ሥራውን ያውቃል።

ከእህሉ ዋጋ ጋር አብሮ የሚመጣው ወጪም ይረሳል። ስንዴ በፍሬው የተሰጠው ተፈናቃይ፣ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ተጠልሎ ወፍጮ ከየት ያመጣል? ከደረሰው እህል ሸጦ ያስፈጫል። ባቄላ ያለ ማገዶ አይበስልም። እህሉ የሚታደልበት ቦታ ሩቅ ከሆነ የአህያ ኪራይ አለ፤ እሱም ከዚያው እህል ይከፈላል። መንገዱ ደግሞ ዋጋ ይበላል። ከጎንደር እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ነው፤ የጃን አሞራ ወረዳ ከተማ መካነ ብርሃን ለመግባት ግን ሳንቃበርንና ጨነቅን አልፎ በቧሂት ተራራ በኩል የሚወጣውን ጥርጊያ መንገድ መጋፈጥ ነው። በሐምሌ የዚያ መንገድ ኪራይ ከበጋው ጋር አይወዳደርም፤ መኪናው ጭቃ ላይ ከቆመ የቀን ክፍያ ይቆጥራል። የጭነት፣ የጫኝና አውራጅ፣ የማስፈጫና የመጋዘን ወጪ በበጀቱ ውስጥ ያልጻፈ ኮሚቴ እነዚህን በኋላ ከእህሉ ያወጣቸዋል።

«ከምንሰበስበው አንዲት ሳንቲም ለአስተዳደር አናወጣም» የሚለውን ቃል ሕዝቡ ይወደዋል። እኛ ስንሰማው እንጠረጥራለን። ወይ ወጪውን ሌላ ሰው ሸፍኖታል፣ ያን ደግሞ ስሙን ጠርተው ይንገሩን፤ ወይ ወጪው በሌላ ስም ተመዝግቧል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የቆሙ ድርጅቶች የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢያቸው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የተመዘገበ ድርጅት በየዓመቱ የሥራና የኦዲት ሪፖርት ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ያቀርባል። ስለዚህ የምዝገባ ቁጥሩንና ያለፈውን ዓመት የኦዲት ሪፖርት መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ ሰነዱ ያለ ሰነድ ነው።

ትልቅ ስም ብቻውንም ዋስትና አይሆንም። በሰኔ 2015 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የተራድኦ ድርጅት (ዩኤስኤአይዲ) እና የዓለም የምግብ ፕሮግራም እርዳታው ከተረጂው እጅ እየወጣ ነው በማለት የምግብ ሥርጭታቸውን በመላ አገሪቱ አቋርጠው ነበር፤ እገዳው መነሳት የጀመረው ከወራት በኋላ ነው። በዚያው ጊዜ በጃን አሞራና በበየዳ ወረዳዎች ድርቅ እየበረታ ነበር። ጥፋቱ ያልነበረው ገበሬ ጦሙን አደረ። ከዚህ የሚወሰደው ነገር ትልቆቹን መሸሽ አይደለም። አደጋው ከመድረሱ በፊት በቦታው መጋዘን፣ ሠራተኛና መኪና የነበረውን መምረጥ ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ፣ በየአካባቢው በጎ ፈቃደኞች ያሉት ነው። በ1970ዎቹ የድርቅ ዘመን የተቋቋመው የአማራ መልሶ ማቋቋምና ልማት ድርጅት (አመልድ)፣ እንዲሁም የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽንም ለዚህ ሥራ የቆዩ ናቸው። እነሱንም ቢሆን ከላይ ያለውን ጥያቄ ጠይቋቸው። እድሮቻችን ደግሞ ከገንዘብ ይልቅ ድንኳን፣ ብረት ድስትና ሰው በማሰለፍ የሚደርስባቸው የለም፤ ተፈናቃይ በገባ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትኩስ ምግብ ለማቅረብ ከማንም ይቀድማሉ።

ስለ ሒሳቡ አጭር ነገር። የሒሳቡ ስም የግለሰብ ከሆነ አትላኩ፤ ግለሰቡ የታወቀ አርቲስት ወይም አባት ቢሆንም። የጋራ ሒሳብ ከሆነ ቢያንስ የሦስት ሰው ጥምር ፊርማ ይኑረው። በፌስቡክና በቴሌግራም የሚዞር ፖስተር ላይ ያለ ቁጥር በቀላሉ ይቀየራል፦ ፎቶው ያው፣ አርማው ያው፣ ከንግድ ባንኩ 13 አኃዝ መጨረሻ ያሉት ግን ሌላ። የባንኩ የስልክ መተግበሪያ ክፍያውን ከማጽደቃችሁ በፊት የተቀባዩን ስም ያሳያል፤ ከድርጅቱ ስም ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩት። በቴሌብርም ወደ ግለሰብ ስልክ ሳይሆን ወደ ድርጅቱ አጭር ቁጥር ይሁን። «ምክንያት» የሚለውን ቦታ ባዶ አትተዉት፤ «ለደባርቅ ተፈናቃዮች» ተብሎ ከተጻፈ በባንኩ ስቴትመንት ላይ ይቀራል፣ ኦዲተሩም ያየዋል። የሚታመን ድርጅት ካገኛችሁ ግን «በጣም ለሚያስፈልግበት» ብላችሁ ጻፉ። ቴሌቪዥን ባሳየው ቦታ ብር ይከመራል፤ ካሜራ ያልደረሰበት ወረዳ ባዶውን ይቀራል።

ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ጎ ፈንድ ሚ በተባለው የመዋጮ ድረ ገጽ ላይ ዘመቻ ሲያዩም ሁለት ነገር ይመልከቱ። ድረ ገጹ ወደ ኢትዮጵያ ባንክ በቀጥታ አይከፍልም፤ ገንዘቡ የሚገባው እዚያው ባለው አዘጋጅ ወይም ተቀባይ ሒሳብ ነው። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ በማን በኩል እንደሚመጣ በግልጽ ይጻፍ። አሜሪካ ውስጥ ከእያንዳንዱ ልገሳ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ይቆረጣል። ከ10 ዶላር ላይ ወደ 6 በመቶ፣ ከ100 ዶላር ላይ 3.2 በመቶ ማለት ነው፤ አሥር ሰው አዋጥቶ በአንድ ስም ቢልክ ያተርፋል። ለድረ ገጹ «ጉርሻ» ብሎ የሚያስቀምጠው መጠን ግዴታ አይደለም፣ ወደ ዜሮ ይወርዳል።

ዕቃ መላክ ለሚፈልጉ፦ አሮጌ ልብስ አትላኩ። መለየት፣ ማጠብ፣ ማጓጓዝ አለው፤ ባለተረከዝ ጫማና የሠርግ ቀሚስ መጠለያ ውስጥ ምን ያደርጋል? በዚያው የመኪና ቦታ ብርድ ልብስ፣ ሸራ፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና የሴቶች ንጽሕና መጠበቂያ ይግባ። የሕፃናት ዱቄት ወተት በጅምላ ማደል ደግሞ አደገኛ ነው፤ ባልተፈላ ውኃና ባልታጠበ ጡጦ ሲበጠበጥ ተቅማጥ ያመጣል፣ የምታጠባውን እናትም ጡቷን ያስተዋታል። ከለውዝ የተሠራው የሕክምና ምግብ፣ ፕላምፒ ነት፣ የጤና ባለሙያ ለክቶ በምግብ እጥረት ለተጎዳ ሕፃን የሚያዘው እንጂ በየቤቱ የሚታደል ብስኩት አይደለም። የተረፈ መድኃኒትም እንዲሁ፤ የመጠቀሚያ ጊዜው ሊያልቅ የቀረበ ክኒን ለተቀባዩ የማስወገድ ሥራ ነው የሚጨምርለት።

ለመጸዳጃ ቤት የሚሰጥ ሰው አጥተናል። 500 ሰው በተጠለለበት ትምህርት ቤት ለ20 ሰው አንድ በሚለው ሒሳብ 25 መጸዳጃ፣ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር በሚለው ሒሳብ በቀን 7,500 ሊትር ውኃ ያስፈልጋል። ሳሙናም ለአንድ ሰው በወር 250 ግራም ለገላ፣ 200 ግራም ለልብስ። እህል ተርፎ ይህ ሲጎድል ኮሌራ ይገባል፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በመተማ ኩመር የሱዳን ስደተኞች መጠለያ የታየው ይኸው ነው። ፎቶ አይወጣለትም እንጂ የጉድጓድ መቆፈሪያና የሳሙና ብር ሕይወት ያድናል።

በመጨረሻም ጊዜው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ጎፋ ዞን መሬት ተንሸራትቶ ከ200 በላይ ሰው ሲሞት አገሩ ሁሉ በሳምንት ውስጥ ተረባረበ። የተረፈው ሰው ግን ቤት፣ ዘርና በሬ የሚያስፈልገው ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ነው። በእኛ ደጋም ድርቅ የመታው ገበሬ በሬውን ከሸጠ የሚቀጥለውን ክረምት ሊያርስ አይችልም፤ ስለዚህ በየካቲትና መጋቢት የሚገባ የመኖ ብር በነሐሴ ከሚገባ እህል ይበልጣል። የገብስ ዘር ግንቦት ሳያልቅ ካልደረሰ ዘር መሆኑ ይቀርና ይበላል። ልትሰጡ ያሰባችሁትን ለሁለት ክፈሉት፤ ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ከሦስት ወር በኋላ የመጀመሪያው ሪፖርት ሲመጣ።

ከጋዜጣው የምንጠይቀው ይህ ነው። ጥሪ ስታትሙ የሰብሳቢውን ሕጋዊ ስምና የምዝገባ ቁጥር፣ ለስንት አባወራና ለስንት ቀን እንደታሰበ፣ ዝርዝሩን ማን እንዳጸደቀ፣ ትርፍ ገንዘብ ካለ ወዴት እንደሚሄድ ከሒሳብ ቁጥሩ ሥር አክሉ። ከሁለት ወር በኋላም ስንት ኩንታል፣ በየትኛው ቀበሌ፣ ለስንት አባወራ እንደወረደ ጠይቃችሁ አትሙልን። የማይመልስ ካለ «ተጠይቆ አልመለሰም» ብሎ ማተምም ዜና ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢዎቻችሁ
ጎንደር